እረኛው ለምንድን ነው የሚያስቀው?

እኔ በልጅነቴ መልአክ ነበርኩ። (ስቃችሁ ስትጨርሱ እንቀጥላለን።)

ክንፌ ከዘይት ካርቶን ተቆርጦ፣ በላዩ የሐኪም ቤት ፋሻና ጥጥ ተለጥፎበት፣ በሁለት ላስቲክ ትከሻዬ ላይ ይታሰራል። የለበስኩት የእናቴን ነጭ ቀሚስ ነው፤ ጥለቱ እንዳይታይ ወደ ውስጥ ታጥፎ። ራሴ ላይ ከሻይ ቅጠል ማሸጊያ በተገኘ የሚያብለጨልጭ ወረቀት የተሠራ አክሊል አለ። ቦታው ዳንግላ፣ ጊዜው የ1996 ዓ.ም. የገና ዋዜማ። ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ ቀኑም ረቡዕ። የእኛ የልጆቹ ትልቁ የሃይማኖት ጥያቄ «ረቡዕ ቢውልም ዶሮው ይበላል አይደል?» የሚል ነበር። ይበላል ተባልንና ተረጋጋን።

ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለፈ ሰው ይህን ድራማ ያውቀዋል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ልምምዱም አብሮ ይገባል። ከታላላቆቻችን አንዱ ድርሰቱን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ ይጽፈዋል። ደብተሩ አንድ ብቻ ስለሆነ እየተቀባበልን እንሸመድደዋለን፤ ያለተራው ያሳደረ ይቀጣል። የቤተልሔሙ ዋሻ የሚሠራው ከቀርከሃ ነው። ኮሶበርን የሚያውቅ ሰው ቀርከሃ እኛ አገር ብርቅ እንዳልሆነ ያውቃል። በላዩ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከሥሩ ጭድ። መጋረጃው ሁለት አንሶላ ሲሆን ግራና ቀኝ የሚጎትቱት ሁለት ልጆች አሉ፤ እነሱም ራሳቸውን እንደ ተዋናይ ነው የሚቆጥሩት። ኮከቡ ቢጫ ፌስታል የተሸፈነ ባትሪ ነው። የአረጋዊ ዮሴፍ ጢም የበግ ፀጉር። ያ ጢም በየዓመቱ አፍ ውስጥ እየገባ ዮሴፍን አላናግር ይለው ነበር።

ትልቁ ጭቅጭቅ ታዲያ እመቤታችንን ማን ይሥራት የሚለው ነበር። አንዱ ወገን «እንዴት ሰው እሷን እሠራለሁ ይላል?» ይላል፤ ሌላው «ታዲያ ዮሴፍ ብቻውን ቤተልሔም ምን ይሠራል?» ይላል። መጨረሻ ላይ ድምፅ ከመጋረጃ ጀርባ እንዲሰማና ሥዕሏ ዋሻው ውስጥ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ለሕፃኑ ደግሞ አንዲት ደግ እናት አሻንጉሊት ይዘው መጡ። ፀጉሩ ቢጫ ነው፤ ይሄን በነጠላ መሸፈን ይቻላል። ጋደም ሲደረግ ግን በፈረንጅ አፍ «ማማ» ይላል። እሱም በሥዕል ተተካ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ሚና ሲደለደል ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው፣ ግን ሁላችንም የምናውቀው ሕግ ነበር። አማርኛው «የጠራ» ልጅ መልአክ ይሆናል። የአስተማሪ ልጅ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ፣ የነጋዴ ልጅ፤ ባጭሩ አስፋልቱን ይዞ ያለው ሰፈር ልጅ። ድምፁ ወፈር ያለው ሄሮድስ ይሆናል። ቁመት ያላቸው ሦስቱ ሰብአ ሰገል ይሆናሉ። እረኞቹ ደግሞ ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ናቸው። እሑድ ማታ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው የሚገቡ፣ አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድሩ፣ ቤታቸው አገውኛ የሚነጋገሩ። (እኛ አገውኛ እንበለው እንጂ ባለቤቶቹ አውኚ ይሉታል። ይሄን እንኳ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ አገሩ ላይ ተወልጄ!)

በዚያ ደብተር ላይ የተጻፈው የእረኞቹ ቃለ ተውኔት ለማሳቅ የተጻፈ ነበር። እረኞቹ መልአኩን ሲያዩ ጅብ መስሏቸው ዱላ ያነሣሉ። ቤተልሔም የሚለውን ስም ሦስት ጊዜ አሳስተው ይጠራሉ። አነጋገራቸው ከእውነተኛው የገጠር አነጋገር ሁለት እጥፍ ተጎትቶ ነው የተጻፈው፤ ልጁ በተፈጥሮው እንደዚያ የማይናገር ከሆነ ደግሞ በልምምድ ላይ «ጨምር! ጎትተው!» ይባላል። ሰብአ ሰገል ሲገቡ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ሄሮድስ ሲገባ ሕፃናት ያለቅሳሉ። እረኞቹ ሲገቡ ግን ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰው ይስቃል። የድራማው ቅመም እነሱ ነበሩ።

የዚያን ዓመት ዋናው እረኛ የዴስክ ጓደኛዬ ነበር። ከመካከላችን በጎች ጠብቆ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በልምምድ ላይ «ዱላ እንዲህ አይያዝም» ብሎ አስተካክሎናል። «ሌሊት መንጋ የሚጠብቅ ሰው ተኝቶ አያንኮራፋም፣ ካንኮራፋማ ጅብ ወሰደለት» ብሎ ደራሲውንም ሞግቶ ነበር። ደራሲው አልሰማውም። ማንኮራፋቱ ያስቅ ነበራ!

ለዋዜማው እውነተኛ በግ ይምጣ ተባለና ግልገሉን ያመጣው እሱ ነው፤ ከአክስቱ ተውሶ። ድራማው ጥሩ ይዞ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከፊት ምንጣፍ ላይ እናቶች፣ ከኋላ ቆመው ጎረምሶቹ። ከዚያ የዳንግላ መብራት የለመደውን አደረገ፤ ጠፋ። ሞንታርቦው ዝም፣ ኮከቡ ብቻ በባትሪ ቦግ ብሎ ቀረ። በጨለማው ግርግር ግልገሉ ገመዱን በጥሶ እናቶች መሐል ገባ። ጩኸት። ነጠላ ተረገጠ፣ አንድ ሰው በግርግም ላይ ወደቀ። ማሾው ተለኩሶ ሲመጣ ሁላችንም ግልገሉን እያባረርን ነበር፤ ባባረርነው ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

ጓደኛዬ ግን አላባረረም። መድረኩ ላይ እንደቆመ ጠራው። በአማርኛ አይደለም የጠራው፤ ቤቱ እንደሚጠራው ጠራው። ሁለት ሦስት ቃል፣ ከዚያ ደግሞ ያች እረኞች በምላስና በላንቃ የሚያወጧት ድምፅ። ግልገሉ ቆመ። ጆሮውን አቀና። ከዚያ ቀስ እያለ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አልፎ መጥቶ እግሩ ሥር ቆመ።

አሁን ሳስበው በዚያ ሌሊት አዳራሹ ውስጥ ከታየው ሁሉ እውነተኛው ነገር እሱ ነበር። ያኔ ግን የሆነው ሌላ ነው። ከኋላ ከቆሙት ጎረምሶች አንዱ ልጁ የተናገራቸውን ቃላት አጣሞ ደገማቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ተቀበለ። ሌላውም። ጓደኛዬ ዱላውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቀጣዩ ቃለ ተውኔት የእኔ ነበር። ከቀርከሃው በላይ ከተሠራው ቆጥ ላይ ሆኜ እጄን ዘርግቼ ለእረኞቹ «አትፍሩ» ማለት ነበረብኝ።

አላልኩም። እየሳቅኩ ነበር። አንዱ ክንፌ እስኪወልቅ ነው የሳቅኩት።

ልጁ ከዚያ በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤት አልመጣም። ትምህርት ቤት እስከ ሰኔ ድረስ አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን፤ ስለዚያ ማታ ግን አንድ ቀን አላነሣንም።

ዓመታት አለፉና እኔም አዲስ አበባ ገባሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ፊት ቆሜ አንድ ነገር ላስረዳ ስጀምር ከወደ ጥግ ሳቅ ሰማሁ። ያልኩት የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የሚያስቀው አባባሌ ነው፤ ጎጃምኛው። «እስቲ ድገመው፣ በናትህ አንዴ ድገመው» አለኝ አንዱ፣ ክፋት በሌለው ፊት። ደገምኩት። ሳቁ። አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ምን አማራጭ አለ? ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ያ ማሾና ያ ግልገል ድቅን አሉብኝ። ለካስ ሳቅ ደረጃ አለው። አዲስ አበቤው በጎጃሜው ይስቃል፣ የዳንግላ ልጅ ከገጠር በመጣው ይስቃል፣ ሁሉም ደግሞ ተራውን እየጠበቀ ወደ ታች ያስተላልፈዋል። በቴሌቪዥን ድራማና በኮሜዲ የምናየው የገጠር ሰውም ያው የእኛ የገና እረኛ ነው፤ ጋቢ ይለብሳል፣ ዱላ ይይዛል፣ ቃል ያጣምማል፣ እንስቃለን።

ይሄን ሁሉ አሁን ምን አስነሣብህ አትሉም? በክልሉ ጦርነት ከተነሣበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ ለገና አገር ቤት መሄድ እንደ ድሮው ትኬት የመቁረጥ ጉዳይ ብቻ አልሆነልኝም። ስለዚህ በዓሉን የማየው በቴሌግራም ነው። አንድ ዘመዴ ሰንበት ተማሪዎች የሠሩትን የገና ድራማ ቀርጾ ላከልኝ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ጉዳዩ የአንድ ደብር አይደለም። ሁሉ ነገር ተሻሽሏል። መብራት አለ፣ ጭስ አለ፣ የመላእክቱ ክንፍ ተገዝቶ የመጣ ነው። እረኞቹ ገቡ። ዱላቸውን አነሡ። መልአኩን ጅብ ነው አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስካሁን እየሠራ ነው ማለት ነው!

እኔ የምለው፣ እረኛው ለምንድን ነው የሚያስቀው?

የሉቃስን ወንጌል ሁለተኛ ምዕራፍ የሚያነብ ሰው እረኛውን አይስቅበትም። በዚያ ሌሊት ኢየሩሳሌም ውስጥ ካህን ነበር፣ ጸሐፊ ነበር፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ንጉሥ ነበር። የምሥራቹ ግን መጀመሪያ የደረሰው ሜዳ ላይ ለሚያድሩት ነው። ሰብአ ሰገል እንኳ ኮከብ ተከትለው፣ መንገድ ጠይቀው፣ ሄሮድስ ቤት ገብተው ተሳስተው ነው የደረሱት፤ እረኞቹ በቀጥታ ነው የሄዱት። ቤተ ክርስቲያናችንም ከገና በፊት ያሉትን ሦስት ሰንበቶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ ስትሰይም ለልደቱ የሚቀርበውን ለኖላዊ፣ ማለትም ለእረኛ ሰጥታዋለች። ኖላዊው ራሱ ክርስቶስ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ግን እሱ ራሱ የመረጠው ስም የማን ሥራ ስም እንደሆነ አስቡት። እሑድ ዕለት ኖላዊ ብለን ዘምረን፣ በዋዜማው ኖላዊን የሚያክል ሥራ የቀልድ ማጣፈጫ እናደርገዋለን።

«ገና የጨዋታ በዓል ነው፣ አታክርር» የሚሉኝ ይኖራሉ። እኔም ጨዋታ አልጠላም። እንዲያውም ስለ ጨዋታው እንነጋገር። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል አይደል? ዕሩሩ ሜዳ ላይ በምትመታበት ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይሆናሉ፤ ሎሌው ጌታውን ይተርባል፣ ጌታው ጥርሱን ነክሶ ይስቃል። ጨዋታውንም ያመጡት እረኞቹ ናቸው ይላል ትውፊታችን፤ የልደቱን ዜና ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ዕሩር መትተው። እንግዲህ በሜዳው ጨዋታ ላይ ሳቁ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። በአዳራሹ ድራማ ላይ ግን አዙረነዋል፤ ከላይ ወደ ታች እንስቃለን። በገና ቀን ጌታ እንዳይቆጣ የተሰጠችውን ፈቃድ ወስደን ሎሌው ላይ ተጠቀምንባት።

ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ ላምጣ። እንግሊዝ አገር ዌክፊልድ በምትባል ከተማ ስም የሚታወቁ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የሃይማኖት ተውኔቶች አሉ። ከነሱ አንዱ «ሁለተኛው የእረኞች ተውኔት» ይባላል፤ የጸሐፊው ስም አይታወቅም። (ከእንግሊዝ ጋር ድሮም ጉርብትና ነበረን፤ ሮበርት ቺዝማን የሚባለው ቆንስላቸው እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን ሲለካ ነው የከረመው።) በተውኔቱ ውስጥ እረኞቹ በአገሬው በሰሜኖቹ ዘዬ ይናገራሉ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ግብሩ፣ ስለሚያንገላቷቸው ባለጊዜዎች ያማርራሉ። ማክ የሚባል ሌባ ይመጣና የንጉሥ ባለሟል ለመምሰል የደቡቦቹን፣ የቤተ መንግሥቱን አነጋገር ይናገራል። እረኞቹ ያንን አነጋገር ትፋው ብለው ያሾፉበታል! ማክ በግ ሰርቆ አልጋ ውስጥ ጠቅልሎ «አዲስ የተወለደ ልጄ ነው» ይላል፤ ሲገልጡት ልጁ ቀንድ አለው። ሰው በሳቅ ይሞታል። ከዚያ መልአኩ ይመጣል፣ እነዚያው በገዛ አፋቸው ሲያወሩ የነበሩት እረኞች ወደ ቤተልሔም ይሄዳሉ። ሳቁ አልቀነሰም። የሚሳቅበት ሰው ነው የተለየው።

ስለዚህ ሳቅ ከፈለጋችሁ ሄሮድስ አለላችሁ። በዚያው በእንግሊዝ ተውኔቶች ሄሮድስ ከመድረክ ወርዶ መንገድ ላይ ሕዝቡ መሐል ገብቶ ይፎክርና ይንጎራደድ ነበር። የሁለት ዓመት ሕፃን የሚፈራ ንጉሥ ካላሳቀ ማን ሊያስቅ ነው? እኛ ግን ሄሮድስን እንፈራዋለን፤ ድምፁን ወፈር እናደርግለታለን፣ ወንበር እንሰጠዋለን። ባለሥልጣን እስከ ገና ድራማ ድረስ ይከበራል እኛ ዘንድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ስታነሣ ወዲያው የሚመጣ መልስ አለ፤ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘር አታስገባ»። እኔ ያስገባሁት ነገር የለም። አማርኛው የጠራውን መልአክ፣ አፉ የሚያዘውን እረኛ አድርገን ስንደለድል ገብቷል፤ እኔ ያልኩት እንየው ነው። ደግሞ ማንን ነው የምንስቅበት? በኢትዮጵያ ገና የተባለ እንደሆነ ዓለም ሁሉ የሚሄደው ላሊበላ ነው። በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉ የሚሉበት፣ ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደትም የንጉሡ ልደትም ሆኖ የሚከበርበት ቦታ። እነዚያን 11 ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት የሠሩልን ዛጉዌዎች ናቸው። ዛጉዌዎች ደግሞ አገው ናቸው። የአዊ ሽማግሌዎች የሰባት ቤት አገው አባቶች ከላስታ ወገን መጡ ብለው ይተርካሉ። እንግዲህ የአገራችን ትልቁ የገና በዓል የሚከበረው አገዎች በጠረቡት ድንጋይ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ እዚያው በአገው ምድር፣ በገና ዋዜማ፣ አገውኛ በተናገረ ልጅ ላይ እንስቃለን። ይሄን የሚያስታርቅልኝ ሰው ካለ ጆሮዬ ክፍት ነው።

ደግሞ ሕጉ አልጎደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ሁሉም ቋንቋዎች በመንግሥት እኩል እውቅና አላቸው ይላል። አዊ ውስጥ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በቋንቋቸው ይማራሉ፤ አሚኮም በአውኚ ያሰራጫል። ግን ሕግ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ ሳቅ አያስቆምም። አንድ ልጅ ቋንቋው የሚያሳፍር መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ከአንቀጽ 5 አይደለም፤ ሰው ፊት አፉን ሲከፍት ከሚያየው ፊት ነው። ቋንቋ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ደግሞ በጥር 2015 የሆነውን ያስታውስ። የዚያ ሁሉ መከፋፈል ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ፖለቲካውም ብዙ ነው፤ ከተነሡት ቅሬታዎች አንዱ ግን በቋንቋችን አላገለገላችሁንም የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ቅሬታ አንድ ቀን ጠዋት አይበቅልም።

ድራማው ይቅር የሚሉም አሉ፤ ተውኔት ዓለማዊ ነው፣ ከቅዳሴና ከማኅሌት ውጭ ምን አስፈለገ የሚሉ አባቶች። አልስማማም። የአማርኛ ተውኔት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የራቀ ነገር አልነበረም። «አፋጀሽኝ»ን የጻፈው ዮፍታሔ ንጉሤ እዚያው ጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወልዶ ቅኔ ተምሮ ያደገ ሰው ነው። እኔ ራሴ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የተማርኩት በዚያ የቀርከሃ ቆጥ ላይ ነው፤ እሷን ውለታ አልክድም። ድራማው ይቀጥል። እንደገና ይጻፍ ብቻ።

ምን ይጻፍ ለምትሉኝ፣ ሩቅ አያስኬድም። እረኞቹ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ሲያወሩ በቤታቸው ቋንቋ ያውሩ። ዳንግላ ከሆነ በአውኚ። ከሚሴ ከሆነ በኦሮምኛ። ሰቆጣ ከሆነ በኽምጣኛ። ሁለት ደቂቃ ብትሆን ነው፤ ያልገባው ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ስለ ብርድና ስለ ጅብ እንደሆነ ከእንቅስቃሴውም ይገባዋል። ከዚያ መልአኩ ሲመጣ፣ «አትፍሩ» የሚለውን ቃል በዚያው በእነሱ ቋንቋ ይንገራቸው። ሰው እንዳይፈራ የሚፈለግ ከሆነ በማያፍርበት አፍ ነው የሚነገረው። ይህን ለማድረግ ሲኖዶስ መሰብሰብ አያስፈልገውም፤ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተርና ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ልጅ ይበቃል። ልጁ ደግሞ ሁልጊዜም እዚያው አለ፤ ዱላ አስይዘነው ነው እንጂ።

ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ የዴስክ ጓደኛዬን ስልክ ከሰው አፈላልጌ ደወልኩለት። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖናል። ሰላምታው፣ የልጆች ጤና፣ የእህሉ ዋጋ ካለቀ በኋላ እንደምንም ብዬ ወደዚያ ማታ ገባሁ። ሳቄን ነገርኩት። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የደወልኩት አልኩት። ዝም አለና ሳቀ።

«እሱን ነው እስከዛሬ የያዝከው? አንተ ሰው!»

«ታዲያ ለምን ቀረህ?»

«ሳቁማ ያልፋል። ሲስቁብኝ አድጌያለሁ እኮ፤ ያን ቀን አልተጀመረም» አለ። ከዚያ ድምፁ ትንሽ ከበድ አለ። «እኔን ያስቀየመኝ ሌላ ነው። በነጋታው ሄጄ ለከርሞ ሄሮድስን ልሥራ ብዬ ጠይቄ ነበር። ሙሉውን ቃለ ተውኔት በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የሰብአ ሰገልንም፣ ያንተንም ሁሉንም ይዤዋለሁ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቁጭ ብዬ ስሰማ። 'አይ፣ አንተ ለእረኛ ነው የምትሆነው' አሉኝ። ለዘላለም ነው እንዴ አልኩ። ተውኩት።»

ይሄን አላውቅም ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ሳቄ ስብሰለሰል፣ ለካ ልጁ የፈለገው ዙፋን ላይ መቀመጥ ነው። አስቡት፤ ዝርዝሩን ሳላውቀው የጻፍኩት መፍትሔ ግማሽ ነበር ማለት ነው። በቋንቋቸው የሚናገሩ እረኞችን ፈጥሬ፣ የገጠሩን ልጅ ግን መልሼ እዚያው ሜዳ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስለዚህ ይታረምልኝ። እረኞቹ በቋንቋቸው ያውሩ፤ እረኛ የሚሆነው ግን የአስፋልቱ ሰፈር ልጅም ይሁን፣ አውኚውን ከጓደኛው ተምሮ ይምጣ፤ አይሞትም። ከገጠር የመጣውም ሄሮድስ ይሁን፣ መልአክ ይሁን፣ አነጋገሩን ሳይለውጥ ከቆጡ ላይ ይውጣ።

«እስቲ ሄሮድስን አሁን ትለዋለህ?» አልኩት በስልክ።

አለው። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ቃል ሳይስት፣ እየፎከረ፣ ከበስተጀርባው ልጆቹ እየሳቁ። እኔ የራሴን ከ«አትፍሩ» ቀጥሎ ያለውን ረስቼዋለሁ፤ እሱን ራሱ ነው ያስታወሰኝ።

ልዘጋ ስል ትዝ አለኝና «ያ ግልገልስ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ምን ይሆናል፣» አለኝ፣ «ለፋሲካ በላነው።»